በርሜሉ ሲዞር የሚሰማው ተኩስ

ይህን የምጽፈው እንድታምኑኝ አይደለም።

ማመንም አለማመንም የእናንተ ፋንታ ነው። ነገሩ ግን ሆኗል። እኔው ነበርኩ፤ በዓይኔ አይቻለሁ፣ በእጄ ዳስሻለሁ። ከእኔ ሌላም ያዩ አሉ። እሳቸው በዚህ ዕድሜያቸው ለማንም ብለው የማይዋሹ ሴት ናቸው።

እዚህ ቻናል ላይ የምታወሩትን ሳነብ ከርሜያለሁ። እኩለ ሌሊት... ጥቁር ድመት... ሲጥጥ የሚል በር...

ይቅርታ አድርጉልኝና ያስቀኛል።

የእኔ የሆነው በጠራራ ፀሐይ ነው። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ በህዳር ወር፣ እዚሁ ሞንታና፣ ከቤቴ ጎን ባለው ጋራዥ ውስጥ። የጋራዡ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። በረዶው ላይ ያረፈችው ፀሐይ ዓይን ትወጋለች። ራዲዮኑ ስለ አየሩ ይለፈልፋል። ድመት የሚባል ነገር በአካባቢው አልነበረም።

የነበረው ዴልበርት ነው።

ዴልበርት የባሌ ታናሽ ወንድም ነው። ማንነቱን ለማወቅ አንድ ነገር ብነግራችሁ ይበቃል፦ ሰው ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ድስቱን ነው።

ባሌን ሃርላንን ግን ብታውቁት ደስ ይለኝ ነበር። ከዚያ ቀን ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ በአደን ወቅት ከዴልበርት ጋር ተራራ ወጣ። ዴልበርት ተመለሰ። ሃርላን አልተመለሰም።

"ወደ ሰሜን ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ አላየሁትም" አለ ዴልበርት።

ሰው ወጣ፣ ውሻ ወጣ፣ ሄሊኮፕተር መጣ። ሰሜኑን ሁሉ አበጠሩት። የጫማው ክር እንኳ አልተገኘም። በረዶው ወረደ፤ ፍለጋውም ቆመ። እኔም ባል የሌላት፣ መቃብርም የሌላት ሴት ሆኜ ቀረሁ።

እና በዚያ በህዳሩ ቀን ዴልበርት ባልዲ አንጠልጥሎ መጣ።

"ማርቫ! አለሽ?"

"ብኖርም ባልኖርም መግባትህ አይቀርም።"

"በርሜልሽን ፈልጌ ነበር።"

እዚህ አገር አዳኝ የተኮሰውን ቀለህ አይጥልም። ለቅሞ ያጥበዋል፣ አዲስ ባሩድና አረር ይሞላዋል፣ መልሶ ይተኩሰዋል። የሚታጠበው በሚሽከረከር በርሜል ነው። የእኔ በርሜል የሃርላን ነበር፤ ወፍራም ብረት፣ ውስጡ ጎማ የለበሰ፣ ባለ ስድስት ጎን። ከተጋባን ጀምሮ ይዞራል። የሞተሩን ቺንጊያ ከመቀየር በቀር ነክቼው አላውቅም።

ዴልበርት ግን ባለፈው ዓመት ቀይ የፕላስቲክ በርሜል ገዝቶ ሰፈሩን ሁሉ ሲያስጎበኝ ከርሟል። ካርቶኑ ላይ "ዕድሜ ልክ የሚያገለግል" ተብሎ ተጽፎበታል። የማን ዕድሜ እንደሆነ አልተጻፈም። የትንኝ ሳይሆን አይቀርም።

"ያ የዕድሜ ልኩስ?" አልኩት።

"ሞተሩ ተቃጠለ።"

"እግዜር ነፍሱን ይማረው። ታሞ ነው ወይስ ድንገት?"

"አታሹፊ ማርቫ። የአደኑ ወቅት ሊያልቅ ነው፤ ጥይት የለኝም።"

ባልዲውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ወደ ውስጥ አየሁ። ታቹን ብቻ የሸፈነ የጠመንጃ ቀለህ ነው፤ ግን የደበዘዘ፣ አረንጓዴ ሻጋታ የጣለ፣ ጭቃና የአይጥ ኩስ የተለጠፈበት።

"ከየት ነው?"

"ከተኩስ ሜዳው። ሰው ጥሎት ሄዶ።"

ዴልበርት ሲዋሽ ጆሮውን ያካል። አሁንም ጆሮውን አከከ።

'ከሆነ ሰው ጓሮ ሰርቆ ነው' ብዬ አለፍኩት። ምን ይገርማል? ዴልበርት ሰረቀ ማለት ዶሮ ጫረች እንደማለት ነው።

"ይሄን ብትተኩሰው ፊትህ ላይ ይፈነዳል" አልኩት።

"ከታጠበ ምን ይሆናል?"

"ልክ ነህ። ፊትህም ብዙ የሚበላሽ ነገር የለውም።"

ለምን አላባረርሽውም የምትሉኝ ትኖራላችሁ። በክረምት በረዶውን ከመንገዴ የሚጠርግልኝ እሱ ነው። ያለ እሱ ትራክተር እስከ ሚያዝያ ድረስ ከቤቴ አልወጣም። ሰው የሚንቀውን ሰው እንኳ ይፈልጋል። የሚያበሽቀውም ይሄው ነው።

ቀለህ ከመታጠቡ በፊት ቂጡ ላይ ያለችው፣ ባሩዱን የምታቀጣጥለው መለኮሻ ትወጣለች። ምስር የምታክል፣ ተመትታ ሥራዋን የጨረሰች ነገር ናት። እኔው በትንሿ የእጅ መግፊያ አንድ በአንድ እየገፋሁ አወጣኋቸው። ጣሳ ውስጥ ቅጭል... ቅጭል... እያሉ ወደቁ። ዴልበርት አጠገቤ ቆሞ የደረቀ ሥጋ ያኝካል።

ይህን ልብ በሉልኝ። እያንዳንዱ ቀለህ በርሜሉ ውስጥ የገባው ቂጡ ላይ ባዶ ቀዳዳ ሆኖ ነው።

ውሃ ቀዳሁ። ጣት የሚቆርጥ፣ በረዶ የቀላቀለ ውሃ። ሳሙና ጠብ አደረግሁ፣ የሎሚ ዱቄት ነሰነስኩ፣ መርፌ የሚያካክሉትን የብረት ቁርጥራጮች ጨመርኩ። ክዳኑን ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁና ሶኬቱን ሰካሁ።

በርሜሉ መዞር ጀመረ።

የሃርላን በርሜል የራሱ ድምፅ አለው። ጠጠር ላይ የሚወርድ ዝናብ ይመስላል። እሱ ከሄደ በኋላ አንዳንዴ ባዶ ውሃ ሞልቼበት እንኳ አዞረዋለሁ... ድምፁን ለመስማት።

ያን ቀን ግን ከዝናቡ ሥር ሌላ ድምፅ ነበር።

ጠጋ ብዬ አዳመጥኩ።

ቅ... ቅ... ቅ... ቅ...

ሰው በብርድ ሲንቀጠቀጥ ጥርሱ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ።

"ዴልበርት... ትሰማለህ?"

"ምኑን?"

"ጥርስ የሚንገጫገጭ ይመስላል።"

"እኔ የምሰማው ሆዴን ነው" አለ። እና ሳይጠራ ወደ ማዕድ ቤት አመራ።

የአጋዘን ሥጋ በባቄላና በቃሪያ ሠርቼ ነበር። ዴልበርት ለራሱ በትልቁ ሳህን ቀዳ። ገና ሁለተኛውን ጉርሻ ሳያጋምስ...

ዷ...

ዷ...

ዷ።

ከሩቅ ነው። ከደቡብ፣ ከተራራው ግርጌ።

"አዳኝ ነው" አልኩ።

"አዎ... አዳኝ ነው" አለ።

ማንኪያውን ግን አስቀመጠው። ዴልበርት ሳህኑ ሳያልቅ ማንኪያ ሲያስቀምጥ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም።

ጥቂት ቆየ።

ዷ... ዷ... ዷ።

በዚህ አገር ሕፃን የሚያውቀው ነገር ነው። ሦስት ተኩስ እኩል እኩል እየተራራቀ ከተሰማ ሰው አደጋ ላይ ነው፤ ድረሱልኝ ማለት ነው።

"ዴልበርት። ሦስት ነው።"

"ዒላማ የማያውቅ ይሆናል። ስቶ ስቶ..."

"ዒላማ የማያውቅ ይጣደፋል። ይሄ እየጠበቀ ነው የሚተኩሰው።"

ፊቱ የተነጨ ዶሮ መስሏል።

በዚህ መሃል ደጅ ላይ የባለ አራት ጎማ ሞተር ድምፅ ሰማሁ። ጎረቤቴ ወይዘሮ ኢኔዝ ናቸው። ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ እስከ ዛሬ ከብቶቻቸውን ራሳቸው የሚያግዱ ሴት። በስተደቡብ ያለው ሸለቆ የእሳቸው መሬት ነው። ኮፍያቸውን እንኳ ሳያወልቁ ገቡ።

"ማነው መሬቴ ላይ የሚተኩሰው?"

"እኛም ሰምተናል ኢኔዝ። የጠፋ ሰው ይሆን እንዴ?"

"የሸለቆው በር ተቆልፏል፤ ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። አሁን ዙሪያውን በርቀት መነጽር አይቼ መጣሁ። ትናንት የወረደው በረዶ እንዳለ ነው። የጥንቸል ዱካ እንኳ የለበትም።"

ዴልበርት ሳህኑን እያየ "ገደል ማሚቶ ነው" አለ። "ሰሜን የተተኮሰው ዞሮ..."

"አንተን ማን ጠየቀህ?"

በደንብ ለመስማት ብዬ ወደ ጋራዡ ሄጄ በርሜሉን አጠፋሁት። ኢኔዝ ተከትለውኝ መጡ። ዴልበርትም ከኋላችን ተጎተተ።

ጸጥታ።

ጠበቅን... ጠበቅን። ምንም የለም።

"ሄዷል ማለት ነው" ብዬ በርሜሉን መልሼ አበራሁት።

ትንሽ እንደዞረ...

ዷ... ዷ... ዷ።

ኢኔዝ አዩኝ። ከዚያ በርሜሉን አዩት።

"እስቲ አጥፊው ልጄ።"

አጠፋሁት። ረጅም ጊዜ ቆየን። ከጣራው ጠርዝ የሚንጠባጠበው ውሃ ብቻ ይሰማል።

"አብሪው።"

አበራሁት።

ዷ...

ዷ...

ሦስተኛው ሳይመጣ እጄን ሰድጄ ሶኬቱን ነቀልኩት።

ሦስተኛው ቀረ።

"አጋጣሚ ነው" አለ ዴልበርት።

"ዝም በል" አሉት ኢኔዝ በሹክሹክታ። "አጋጣሚ ማለት አንተ ሰው ሆነህ መፈጠርህ ነው።"

ክዳኑን ከፈትኩት።

እንፋሎት ወጣ።

ውሃውን በረዶ አድርጌ እንደቀዳሁት ነግሬያችኋለሁ። እጄን ከተትኩ... ሞቋል። የፈላ ውሃ ሙቀት አይደለም። ክረምት ላይ ሰው ብብት ውስጥ እጅ ስታስገቡ የሚሰማችሁ ዓይነት ሙቀት ነው።

የሳሙና ሽታ የለም። የሎሚ ሽታ የለም።

የሚሸተው ባሩድ ነው። አሁን የተተኮሰ፣ ትኩስ ባሩድ።

አንድ ቀለህ አወጣሁ። ላዩ እንደ ወርቅ ያበራል። አፉ ውስጥ ግን ጥቀርሻ ነው፤ ጣቴን ሳስገባ ጠቆረ። ገልብጬ ቂጡን አየሁት።

መለኮሻዋ ቦታዋ ላይ ናት።

መሃሏ ተመትታ ጎድጉዳለች።

ሌላ አወጣሁ። እሱም። ሌላ... እሱም። ውሃውን ደፍቼ ቀለሆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኳቸው፤ ሁሉም እንደዚያው።

ጣሳውን አነሳሁ። ባዶ ነው።

"መጀመሪያም አላወጣሻቸውም" አለ ዴልበርት።

"አጠገቤ ቆመህ ስታኝክ ነበር። አፍህ ሲሠራ ዓይንህ ይዘጋል እንዴ?"

ይሄን እያልኩ ሳለሁ ነው ጠርዙን ያየሁት። ቆሻሻው ሲለቅ ብቅ ያለች፣ በሞረድ የተጫረች ቀጭን ምልክት።

ቀለሁን ወደ በሩ ብርሃን አዞርኩት።

ሃርላን ቀለሆቹን ሁሉ እንዲህ ይጭራቸው ነበር። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ? ዴልበርት ተኩስ ሜዳ ላይ የወንድሙን ቀለህ በኪሱ እየከተተ ስለሚሄድ ነው። ሌላ ምክንያት አልነበረውም። ከእሱ የቀሩት ሁሉ በሣጥን ተቀምጠው እኔ ጋ አሉ። እነዚህ ግን... አብረውት ተራራ የወጡት ናቸው።

"ዴልበርት።"

"እ..."

"ከየት ነው ያመጣኸው?"

"አልኩሽ እኮ፣ ከተኩስ ሜ..."

"ጆሮህን ልቀቅ።"

እጁን ከጆሮው አወረደ። ኢኔዝ ሳይታዘዙ በሩ ላይ ሄደው ቆሙ።

"ከሸለቆው" አለ። አይሰማም ማለት ይቻላል።

"ከየትኛው?"

"ከደቡቡ... ከቋጥኙ ሥር። ባለፈው ሳምንት አጥር ዘልዬ..."

"እዚያ ሌላ ምን ነበር?"

ወደ በሩ አየ። ኢኔዝ ቆመውበታል።

"ዴልበርት። ሌላ ምን ነበር?"

"ጫማ።"

"ጫማ ብቻ?"

"...ጫማ ብቻ አይደለም።"

ራዲዮኑ አሁንም ስለ አየሩ ያወራል። ነገ ፀሐይ ይሆናል ይላል። ይህን ዕድሜ ልኬን አልረሳውም።

"ወንድምህን አየኸው" አልኩት። "አየኸው... እና ቀለሁን ለቅመህ መጣህ?"

"ጥሩ ነሐስ ነበር ማርቫ" አለኝ። "ዝም ብሎ መሬት ላይ ወድቆ..."

ልመታው እጄን አነሳሁ። መልሼ አወረድኩት። እሱን የነካ እጅ ምን ላደርግበት ነው?

"ሰሜን ሄደ ብለህ ነበር" አሉ ኢኔዝ ከበሩ። "እኔ ራሴ በፈረስ ሰሜኑን ሳስስ ሰነበትኩ። እዚያው ጓሮዬ ውስጥ ተኝቶ!"

ያኔ ሁሉም ወጣ። እንደ ውሻ ትውከት።

ሃርላን በጠፋበት ቀን ዴልበርት ከተፈቀደለት ውጭ ትልቅ ኮርማ አጋዘን ጥሏል፤ በኢኔዝ መሬት፣ በደቡቡ ሸለቆ። ገፎ ዛፍ ላይ ሰቅሎታል። ፈላጊ ወደዚያ ከወጣ ሥጋው ይገኛል፤ ጠመንጃውን ይነጠቃል፣ ፈቃዱን ይነጠቃል፣ መኪናውም ይያዛል። ስለዚህ ጣቱን ወደ ሰሜን ቀሰረ። በቃ። ይሄው ነው።

"ሦስቱን ተኩስ ሰምተህ ነበር?" አልኩት።

"...ሰምቻለሁ።"

"የት ሆነህ?"

"መኪናው ውስጥ። ማሞቂያው ይሠራ ነበር... ብርድ ነበር ማርቫ። ውስኪም ትንሽ ቀምሼ..."

"ስንት ጊዜ ጠራህ?"

ዓይኑን ወደ መሬት ተከለ።

"ጥይቱን እስኪጨርስ።"

ብዙ ሰው ንቄ አውቃለሁ። ንቀት ግን ማብቂያ ያለው ነገር ይመስለኝ ነበር። ያን ቀን ማብቂያ እንደሌለው አወቅሁ።

ሶኬቱ ተነቅሎ መሬት ላይ ተጋድሟል። ቀለሆቹ ጠረጴዛው ላይ ናቸው። በርሜሉ አፉን ከፍቶ ባዶውን ተኝቷል።

ከዚያ... አንድ ዙር ዞረ።

በዝግታ። ሰው እንቅልፍ ውስጥ ሲገላበጥ እንደሚያደርገው።

ቅ... ቅ... ቅ...

ዴልበርት ጮኸ። ኢኔዝ አማተቡና ስልካቸውን አወጡ። ሸሪፉ ጋ ደወሉ። ሩቅ ነው፤ መንገዱ በረዶ ነው፤ ለመድረስ ይቆያል አሏቸው።

"እሱ ይድረስ" አሉ ኢኔዝ። "እኛ ግን እንሂድ። ያ ልጅ ሲጣራ ከርሟል።"

በረዶ ላይ እንዳይንሸራተት ጎማው ላይ ሰንሰለት የታሰረበት የዴልበርት ፒክአፕ ብቻ ስለነበረ በእሱ ወጣን። ኢኔዝ በራቸውን በቁልፍ ከፈቱ። በረዶው እንዳሉት ነው፤ የተዘረጋ አንሶላ። መኪናው እስከሚሄድበት ሄደን ቆመ። ከዚያ ወዲያ በእግር ነው።

ዴልበርት መሪውን አልለቅም አለ።

"እዚሁ ልቆይ። ማሞቂያውን... ላብራና ልጠብቃችሁ።"

"አብራ" አልኩት። "የለመድከው ነው።"

እኔና ኢኔዝ ወንዙን ተከትለን በጎን በኩል ወጣን። ዳገቱ ለእሳቸው ከበዳቸው፤ ግን አላረፉም። ቋጥኙ ሥር ስንደርስ ቀድሜ ጎንበስ ብዬ የገባሁት እኔ ነኝ።

ሃርላን ተቀምጧል።

ጀርባውን ለዓለቱ ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ ሸለቆው አዙሮ። አዳኝ የሚለብሰው ብርቱካናማ ሰደርያ አሁንም አለ። ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተሰብሯል። በቀበቶውና በእንጨት ራሱ አስሮታል፤ ጥሩ አድርጎ። እሱ ምንም ነገር በግድየለሽነት አይሠራም ነበር። ጠመንጃው ጭኑ ላይ ነው።

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ምን እንዳልኩት ሁሉንም አልነግራችሁም።

"ቆየሁብህ" ያልኩት ብቻ ትዝ ይለኛል። "ሰሜን ነው ብለውኝ... ቆየሁብህ።"

ላነሳው ብዬ ጠመንጃው አፈሙዝ ላይ እጄን አሳረፍኩ።

ትኩስ ነው።

ስድስት ክረምት የተፈራረቀበት፣ ዝገት የበላው ብረት... መዳፌን አቃጠለኝ።

"ማርቫ" አሉ ኢኔዝ ከውጭ። ድምፃቸው ልክ አልነበረም። "ማርቫ... ነይማ።"

ወጣሁ። በጣታቸው አሳዩኝ።

ከቋጥኙ አፍ የሚነሳ ዱካ። የአንድ ሰው። ቀኝ እግሩ በደንብ ረግጧል፤ በግራ በኩል ግን ዱካ የለም። የተጎተተ መስመር ነው ያለው።

"ስንመጣ ይሄ ነበር?" አሉኝ።

"አልነበረም።"

"መግቢያ የለውም። መውጫ ብቻ ነው።"

"አይቻለሁ።"

ዱካው እኛ በመጣንበት አልሄደም። በዛፎቹ መሃል፣ ቀጥ ብሎ ቁልቁል... ወደ መኪናው ነው የሚወርደው።

ሰው ሲጠይቀኝ የምናገረው እዚህ ድረስ ነው። ሸሪፉ መጣ፤ ሃርላንን አወረድነው። አሁን መቃብር አለኝ፤ እሁድ እሁድ እሄዳለሁ። ዴልበርት ተከሰሰ፣ ጠመንጃውንም ፈቃዱንም ተነጠቀ። ፒክአፑን ግን አልወሰዱበትም። መውሰድ ነበረባቸው። በሩ ላይ አቁሞት ቀኑን ሙሉ ውስጡ ይውላል፤ በዚህ አገር የሐምሌ ሐሩር እንኳ ማሞቂያው በርቶ። ላቡ እየተንቆረቆረ አያጠፋውም። ሰው ያዝንለታል። እኔ አላዘንኩለትም፤ አሁንም አላዝንለትም።

ቀሪውን ለሸሪፉ አልነገርኩትም። ኢኔዝም አልነገሩትም። በመንገድ ስንገናኝ እንኳ አናነሳውም።

ዱካውን ተከትለን ወረድን።

ዱካው ያበቃው በቀኝ በኩል፣ በተሳፋሪው በር ላይ ነው። በሩ ተዘግቷል። እጀታው ላይ የነበረው በረዶ ግን ተጠርጓል።

ሞተሩ ይሠራል። መስታወቶቹ ዳር ዳሩን በጉም ተሸፍነዋል። በፊተኛው መስታወት በኩል ዴልበርት ይታየኛል፤ ሁለት እጁ መሪው ላይ፣ ዓይኑ ወደ ፊት፣ እንባው ያለ ድምፅ ይወርዳል። ከጎኑ ያለው ወንበር ባዶ ነው። ፊቴን መስታወቱ ላይ ለጥፌ አይቻለሁ። ባዶ ነው።

በዚያ በባዶው ወንበር በኩል፣ ከውስጥ፣ የሰው አፍ በሚሆንበት ቁመት ላይ... መስታወቱ ይደበዝዛል።

ይጠራል።

ይደበዝዛል...

ይጠራል።

ኢኔዝ ክንዴን ጨብጠው ያዙኝ። አንዳችንም በሩን አልከፈትነውም።

ዴልበርት ወደ ጎን ሳያይ፣ በጣም በዝግታ፣ ቀኝ እጁን ከመሪው አነሳ። የማሞቂያውን አፍ ያዘ። እና... ወደ ባዶው ወንበር አዞረው።